በቦራ ዓይን ውስጥ ያየሁት ክር

አምና ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አንድ በሬ ገዛሁ። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ አልነው። ሲገዛ ከሳ ያለ ነበር፤ ግን አጥንቱ ሰፊ፣ ደረቱም ጥሩ ነው። ሦስት ወር አብልቼ ለገና ባወጣው ያኮራኛል ብዬ ነው ዋጋ ያልተከራከርኩት። ግራ ዓይኑ ያነባ ነበር። ሻጩን ብጠይቀው «መንገድ ላይ አቧራ ገብቶበት ነው» አለኝ። መንገዱ እውነትም አቧራ ነበር። አመንኩትና ይዤው መጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፀሐይ በደንብ የሚመታበት ደጅ አውጥቼ አቆምኩት። ዝንቦቹ የታችኛው ቆብ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ነበር። ከዓይኑ ጥግ ጀምሮ እስከ ጉንጩ ድረስ እንባው የሠራው ጥቁር መስመር አለ። ያንን መስመር ተከትለው ነው የሰፈሩት። አንዱን ስታባርሩት ሌላው ቦታውን ይይዛል። ወንድሜ ቀንዱን ጨብጦ ያዘልኝ። እኔ በአውራ ጣቴ የታችኛውን ቆብ ሳብ አደረግሁት። ውስጡ ቀልቷል፣ ዓይናርም ይዟል። በአፍንጫው በኩል ካለው ጥግ አንድ ነጭ ነገር ብቅ አለ። የክር ቁራጭ ይመስላል። ከዚያ ክሩ ተንቀሳቀሰ። በጥቁሩ ዓይን ላይ እየተጥመለመለ ተሻገረና ከላይኛው ቆብ ሥር ገባ። ወንድሜ ይህን ሲያይ ቀንዱን ለቀቀው።

የዓይን ትል ነው።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ከአላጌ የግብርና ኮሌጅ በእንስሳት ጤና ዲፕሎማ ይዤ ወጥቼ 11 ዓመት በየቀበሌው እየዞርኩ ከብት አክሜያለሁ። አሁን ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ወረታ አካባቢ፣ ከወንድሜ ጋር በሬ አደልባለሁ። ሲበዛ 12 በሬ ነው የምንይዘው። የሩዝ ገለባ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ፍሩሽካ፣ የጠላ አተላ፤ ያለንን እያቀላቀልን እንመግባለን። ስለዚህ ይህን ትል በሁለት ዓይን ነው የማየው፤ እንደ አካሚም እንደ ነጋዴም።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን በዚሁ ትል ትልቅ ስሕተት ሠርቻለሁ። አንድ አባት የሚያነባ በሬ ይዘው መጡ። እኔ በባክቴሪያ የሚመጣው የከብት ዓይን ሕመም ነው ብዬ ደመደምኩ። እሱም ዓይን ያስነባል፣ ያቀላል፣ ብሌኑን ያደበዝዛል። ከላይ ሲያዩት ይመሳሰላሉ። የቴትራሳይክሊን ቅባት ሰጠኋቸው። በሳምንታቸው ተመለሱ፤ ሌላ ቅባት ሰጠሁ። ቆቡን ገልጬ በደንብ ያየሁት በሦስተኛው ጊዜ ነው። ያኔ ትሉ ዓይኑን ፍቆ ፍቆ ብሌኑ ላይ ነጭ ጠባሳ ጥሏል። የሚያሳዝነው፣ በሬውን ሊሸጡት ነበር። ነጋዴ ደግሞ በሬ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው ዓይኑንና አረማመዱን ነው። «ዓይኑ ጠፍቷል» ብሎ ዋጋውን ሰበረባቸው። እሳቸው አንድም ቃል አልተናገሩኝም። «ምን ታደርጊ ልጄ» ነው ያሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያነባ ዓይን ሳልገልጥ ያለፍኩበት ቀን የለም።

ቦራን ወንድሜና አንድ ጎረቤት ጥርቅም አድርገው ያዙልኝ። የማደንዘዣ ጠብታ ጠብ አደረግሁበትና ትንሽ ጠበቅሁ። ከዚያ መርፌው በወጣለት ስሪንጅ የጨው ውኃ፣ ማለትም የሕክምናውን ንጹሕ ጨው ውኃ፣ ከቆቡ ሥር ረጨሁ። ከበታች ጥቁር ሳህን ይዣለሁ። ጥቁር ካልሆነ ትሉ አይታይም። ከግራው ዓይን 9 ወጡ። አንድ ሁለቱን በወረንጦ ነው ያወጣኋቸው። ርዝመታቸው ከ1 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አንገታቸውን የሚያዟዙር ይመስል ሳህኑ ውስጥ ይጠመዘዙ ነበር። ቀኙ ዓይን ጤነኛ ነው፣ አያነባም፣ አልቀላም። ልሞክረው ብዬ አጠብኩት። ከሱም 2 ወጡ።

እነዚያ ሁለቱ ናቸው ከሁሉም በላይ ያሳሰቡኝ። የማያነባ ዓይን ውስጥ ያለ ትል ማንም አይፈልገውም። በሬው ገበያ ለገበያ ሲዞር እሱም አብሮ ይዞራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ትሉ ከበሬ ወደ በሬ በቀጥታ አይተላለፍም። ሁለት በሬ አንድ ገንዳ ላይ አብረው ቢበሉ፣ ቢላላሱ፣ ጎን ለጎን ቢያድሩ በዚያ ብቻ ምንም አይሆንም። መሐል ላይ ዝንብ ያስፈልጋል። ሴቷ ትል ዓይን ውስጥ ሆና ደቃቅ እጭ እንባው ውስጥ ትለቃለች። ዝንቧ እንባውን ስትልስ እጩን ትውጠዋለች። እጩ በዝንቧ ሰውነት ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያድጋል። ሲደርስ ወደ አፏ ይመጣል። ከዚያ ሌላ በሬ ዓይን ላይ አርፋ እንባ ስትልስ እጩ ይወርዳል። በአዲሱ ዓይን ውስጥ በጥቂት ሳምንት ጎልማሳ ትል ይሆናል። እኛ ሀገር ከብት ላይ የሚታወቀው ዝርያ ቴላዚያ ሮዴሲ ይባላል። ዝንቦቹ ከቤት ዝንብ ጋር አንድ ወገን ናቸው፤ ሙስካ ነው የሚባለው።

ዝንቧ ለምን ዓይን ትወዳለች? እንቁላል ልትጥል ፕሮቲን ትፈልጋለች። እንባ፣ ንፍጥ፣ ለሃጭ፣ የቁስል ፈሳሽ፤ ይኸው ነው ቀለቧ። ለዚህ ነው ፊት ላይ የሚሰፍሩት በብዛት ሴቶቹ የሆኑት። እንቁላሏን የምትጥለው ደግሞ እርጥብ እበት ላይ ነው። ስለዚህ የዓይን ትል ለመረዳት ዓይኑን ከማየት በላይ እበቱን ማየት ይጠቅማል።

ይህን ሳስብ እናቴ ትዝ ትለኛለች። በበጋ ጠዋት ተነስታ በረቱን ትጠርጋለች፣ መስኩ ላይ የወደቀውን እበት ትለቅማለች፣ ከገለባ ጋር ለውሳ ግድግዳው ላይ ትጠፈጥፋለች። ኩበት ትሠራለች። ለእሷ ማገዶ ነው። ለዝንብ ግን ያ ሥራ ሞት ነበር። ዝንብ እንቁላል ጥላ እጩ አድጎ፣ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ድረስ ሁለት ሳምንት አካባቢ እርጥበት ያስፈልገዋል። እናቴ ግን እበቱን በማግስቱ ፀሐይ ላይ ለጥፋዋለች። እጩ ውስጡ ቢኖርም ደርቆ ያልቃል።

ክረምት ሲገባ ይህ ሁሉ ይቆማል። ኩበት አይደርቅም፤ ስለዚህ ማንም አይጠፈጥፍም። እበቱ በወደቀበት ይቀራል፣ ለስልሶ፣ ርሶ። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ከብቱ ደረቅ ወደሆነችው ከፍ ያለች ቦታ ይገፋል፤ እዚያ ተጨናንቆ ይውላል፤ እበቱም እዚያው ይከመራል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ውኃው ይሸሻል፣ ሜዳው አረንጓዴ ይሆናል፣ ሙቀቱ ይመለሳል። የመንደሩ ከብት በሙሉ አንድ መስክ ላይ ይወጣል። ዝንቡም አብሮ ይወጣል። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት የሚያነባ ዓይን የሚጎርፍልኝ በዚያ ሰሞን ነበር። በበጋ ዝንቡ ሲቀንስ ትሉ የት ይሄዳል ብላችሁ እንደሆነ፣ የትም አይሄድም። በበሬው ዓይን ውስጥ ተቀምጦ ወራት ይጠብቃል። የሚቀጥለውን ክረምት ዝንብ በእጭ የሚበክለው እሱ ነው።

ስለዚህ አምና ያልታከመ በሬ የዘንድሮ ምንጭ ነው። ወይፈንና ጊደር ላይ ምልክቱ ሲብስ አይቻለሁ፤ ያረጀው በሬ ግን ምንም ሳይመስል ተሸክሞት ይዞራል።

ግጦሽ የወጣውና ቤት የታሰረው አንድ አይደሉም። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የከብት ዓይን ትል የምታስተላልፈው የፊት ዝንብ ብርሃንና ሜዳ ትወዳለች፤ ከብቱን ተከትላ ጨለማ ቤት አትገባም። እኔም እዚህ ያየሁት ከዚያ ብዙ አይርቅም። ጥላ ያለው፣ ደብዘዝ ያለ ጋጣ ውስጥ የታሰሩ በሬዎቼ ፊታቸው ላይ ጥቂት ዝንብ ነው የማየው። ወንድሜ ውኃ ሊያጠጣቸው ወንዝ ሲያወርዳቸው ግን ፊታቸው ጠቁሮ ይመለሳል። የዛሬ ሁለት ዓመት ውኃውን ወደ ቤት ማምጣት ጀመርን። በበርሜል ነው፤ አህያዋ ትደክማለች፣ እኛም እንደክማለን። ለሚደልብ በሬ ግን ከውኃ መንገድ መቅረቱ በብዙ በኩል ያተርፋል፤ ሥጋውንም በመንገድ አይጨርስም።

አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ባዮጋዝ አስገብተዋል። እበታቸው ከበረት በቀጥታ ጉድጓድ ይገባል። ደጃቸው ላይ ስቀመጥ ዝንብ እንደኛ ቤት አያስቸግረኝም። ባዮጋዝ ለሌለው ሰው እበቱን ቢያንስ በየሁለት በየሦስት ቀኑ አንስቶ ጉድጓድ ውስጥ መከመርና ጥቅጥቅ አድርጎ መሸፈን ይቻላል። ሲብላላ ይሞቃል፤ ሙቀቱ እጩን ይገድለዋል። ብስባሹም ለማሳ ይሆናል።

ስለ ሰፈራችን ዓይንና ዝንብ ከተነሳ ትራኮማን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አማራ ክልል በትራኮማ ክፉኛ ከተጎዱ የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። አያቴ በመጨረሻ ዘመኗ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየተመለሰ ሲያሠቃያት አይቻለሁ። ትራኮማን የምታዛምተው ዝንብ፣ ሙስካ ሶርቤንስ፣ የዚህቹ የከብቷ ዝንብ ዘመድ ናት። እሷ በይበልጥ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መጸዳጃ ቤት ቆፍሩ፣ የልጆቻችሁን ፊት እጠቡ ብለው ስንት ዓመት ለፍተዋል። ሰዉም ገብቶታል። ለከብት ስናገር ይህንኑ ነው የማነሳው። «የልጅህ ፊት ላይ ያለችውን ዝንብ ከየት እንደመጣች ታውቃለህ አይደል? የበሬህ ፊት ላይ ያለችውም የምትመጣበት ቦታ አላት» እላለሁ። ወዲያው ይገባቸዋል።

ሰው ላይስ ይህ የከብት ትል ይደርሳል ወይ? እጅግ ከስንት አንዴ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2016 አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ አንዲት የ26 ዓመት ወጣት ከዓይኗ 14 ትል ወጥቶላታል። ቴላዚያ ጉሎሳ የሚባለው፣ የከብቱ ነው። በዚያ ዝርያ ሰው ሲያዝ የመጀመሪያው ነበር። ፈረስ የምትጋልብ፣ ከብት ያለበት አካባቢ የቆየች ልጅ ናት። የፊት ዝንቧ ራሷ አሜሪካ የተወለደች አይደለችም። በዚያው አቆጣጠር በ1952 ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ታየች፤ ከዚያ ሰሜን አሜሪካን አዳረሰች። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራችሁ አይደለም። ከብት ስታክሙ ዝንብ ፊታችሁ ላይ እንዳያርፍ ጠብቁ፣ ዓይናችሁን በእጃችሁ አትሹ፤ ይኸው በቂ ነው።

ወደ ሕክምናው ልመለስ፤ ምክንያቱም ብር የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ሰው ትምባሆ አኝኮ ዓይኑ ውስጥ እንትፍ ይላል፤ ጨው ደቁሶ የሚነሰንስም አለ። እባካችሁ ተዉ። ትሉ ቢረበሽም ዓይኑ ይቃጠላል። በትል የተፋቀ ዓይን ላይ ጨው መጨመር ምን ማለት እንደሆነ በራሳችሁ ዓይን አስቡት። ሌቫሚሶል ይሠራል። ኢቨርሜክቲን ይሠራል። እኔ የምጠቀመው በመርፌ የሚሰጠውን 1 ፐርሰንት ኢቨርሜክቲን ነው፤ ለ50 ኪሎ የቁም ክብደት 1 ሚሊ ሊትር፣ ከቆዳ ሥር። 300 ኪሎ የሚሆን በሬ 6 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። ክብደቱን በዓይን ገምቶ አሳንሶ መስጠት ትሉን ከመድኃኒቱ ጋር ያላምደዋል፤ በሜትር ደረቱን ለክታችሁ ገምቱ። ሰው ወተቷን ለሚጠጣው ላም አይሰጥም።

ለሚደልብ በሬ ደግሞ ዋናው ነገር ቀኑ ነው። እኔ የምጠቀመው ጠርሙስ ላይ፣ መርፌው ከተወጋ በኋላ በሬው ከመታረዱ በፊት 35 ቀን መቆየት አለበት ይላል። ከጠርሙስ ጠርሙስ ሊለያይ ስለሚችል የያዛችሁትን አንብቡ። አሁን አስቡት። በሬው ዓይኑ ሲያነባ የምታዩት ለበዓል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው እንበል። ብትወጉት ለበዓል ማረድ አይገባም። ባትወጉት ነጋዴው ዓይኑን አይቶ ዋጋ ይሰብራል። ሰው በዚህ መሐል ተጨንቆ መርፌውን ወግቶ ዝም ብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። መድኃኒቱ ያልወጣለት ሥጋ የሰው ልጅ ማዕድ ላይ ይቀርባል። ይህን በፍጹም ልለምደው አልቻልኩም።

ስለዚህ በሬ በገባበት ቀን ነው የሚታከመው። የሚያነባም የማያነባም። ቦራ ያስተማረኝ ይህንን ነው፤ ቀኙን ዓይኑን ማለቴ ነው። አዲስ የገባ በሬ ለብቻው፣ ጨለም ባለው በኩል ይታሰራል። ሁለቱንም ዓይኑን ገልጬ፣ አጥቤ አያለሁ። መርፌውን እወጋለሁ። እበቱን ለየት አድርጌ ጉድጓድ አስገባለሁ። ይህን የማደርገው ለሌላም ነገር ነው። የተወጋ ከብት እበት ውስጥ ኢቨርሜክቲኑ ለቀናት ይወጣል፤ እበት የምትቀብረውን ጢንዚዛም ይጎዳል። ጢንዚዛዋ ደግሞ ወዳጃችን ናት። እበቱን በትና ቀብራ የዝንብን ቤት የምታፈርስልን እሷ ናት። በየወሩ መንጋውን ሁሉ የሚወጋ ሰው ዝንብን የሚዋጋለትን እየገደለ ነው።

ብቻዬን ባክም ግን የት ልደርስ ነው? ዝንቧ አጥር አታውቅም። ከጎረቤቴ በሬ ዓይን እጩን ወስዳ ያሳደገች ዝንብ በአንድ ከሰዓት እኔ ግቢ ትደርሳለች። አምና ከቦራ በኋላ ጥቁሩን ሳህን ይዤ እድር ላይ ሄድኩ። ትሎቹን በጠርሙስ አልኮል ውስጥ አስቀምጫቸው ነበር። ጠርሙሱ ከእጅ እጅ ዞረ። አንድ አባባ ወደ ብርሃን አንስተው ረጅም ጊዜ አዩት። «ይኼ ነው እንግዲህ ስንት ዘመን ቡዳ በልቶት ነው ስንል የኖርነው?» አሉ። ማንም አልሳቀም። በዚያው ቀን ተስማማን። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አንድ መስክ ላይ የሚውል ከብት ሁሉ ዓይኑ በአንድ ቀን ታየ። የሚያነባው፣ ትል የተገኘበት ታከመ። ሰው ደቦ እንደሚወጣ ነው የወጣው፤ ልጆቹ ጥቁር ሳህን ይዘው ከኋላዬ ይከተሉ ነበር። ማን ቤት ስንት ትል እንደወጣ የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው።

ቦራ ለገና ተሸጠ። ግራ ዓይኑ ላይ የቀረው ደብዛዛ ነገር እያደር ቀለለ። ቀረብ ብሎ ላላየው አይታወቅም ነበር፤ እኔ ግን ለገዢው አሳየሁት።

ዛሬ ጥቅምት 12 ነው። ጠዋት ሁለት በሬ ገብተውልናል፤ አንዱ ዳማ፣ አንዱ ነጭ። ዳማው ከሁለቱም ዓይኑ ምንም አልወጣም። ከነጩ 3 ወጡ፤ አንድም እንባ አልነበረውም። ሁለቱንም ወግቻለሁ። ወንድሜ በከሰል በሩ ላይ «ኅዳር 17» ብሎ ጽፏል፤ 35 ቀን የሚሞላበት ነው። አሁን እበት ለማንሳት አካፋውን እየፈለገ ይጣራል።